የጉርሜሳ መርፌ

የካ አባዶ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ከባጃጅ ሲወርዱ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ፣
አንድ ጤና ጣቢያ አለ፣ ቆርቆሮው የላላ፤
መብራት ይሄድበታል ከምሳ በኋላ።
መብራቱ ሲመለስ ሁሉም ይመለሳል፤
ፍሪጁ ያጓራል፣ ማራገቢያው ይነፍሳል።
ካርድ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለችው ሳጥን ግን፣
የላቦራቶሪውን ውጤት ለሐኪም የምታደርሰው፣
እንደሞተች ትውላለች።

«መብራት ኃይል ነው» አልኩ፣ ሁሉም ሰው እንደሚለው።
«ቮልቴጁ ነው» አልኩ። «ርካሽ ዕቃ ነው።»
ድራይቨር እንላለን፣ ሾፌር ማለት ነው፤
በብረትና በሐሳብ መሀል የሚነዳው።
የዚህችን ሾፌር የጻፈው ከኔ በፊት የነበረ ሰው፣
ከፋይሉ አናት ላይ
«ይሠራል፣ አትንኩት» ብሎ የከተበ።
እኔም አልነካሁት። ሁለት ክረምት ዘነበ።

ጉርሜሳ ዘበኛው ግን ማንንም አልጠበቀ።
ከካፖርቱ ኮሌታ መርፌውን ይመዛል፣
የጆንያ መስፊያ፣ ጫፉ የደነዘ፤
በሳጥኗ ጎን፣ ምስር በማታህል ቀዳዳ ይሰዳል፣
ይጫናል፣
ዝም ይላል፣
ይለቃል፣
ደግሞ ዝም ይላል።
አረንጓዴው ዓይኗ ይርገበገባል።

ሲስተር እቴነሽ ደወለች። «መጥተሽ እዪልን» አለች፣
«እሱ ዕረፍት ሲወጣ እሷም ታርፋለች።»

ሄድኩ። ላፕቶፔን በፌስታል ጠቅልዬ።
«አሳየኝ» አልኩት።
«ምኑ ይታያል?» አለ። «የተኛ ሰው መቀስቀስ ነው።
ነካ አድርገሽው ብትሮጪ አይሰማሽም።
ያዝ ታደርጊዋለሽ፣ ከዚያ ትለቂዋለሽ።
ከለቀቅሽው ወዲያም ወሬ አትጀምሪም፤
ፊቱን ይታጠብ እንጂ!»

ማታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ የማይወጣበት ቤቴ፣
የቺፑን መጽሐፍ ገለጥኩ።
አሥራ ሰባተኛው እግር። ከስሙ አናት ላይ ጭረት።
በዚያ ፊደል ጭረት ማለት
«ዝቅ ብለህ እዘዘኝ» ማለት።
ዜሮ ሲሏት ትተኛለች፤ አንድ ሲሏት ትነሣለች።

ያ ሰው ግን፣ እንደ ብዙዎቻችን፣
ትእዛዝ ሁሉ ከላይ የሚወርድ መስሎት፣
አንድ ብሎ ሊያስተኛት፣ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፣
ነቅታ ለምታየው።
ከዚያ ዜሮ ብሎ «ተነሺ» አላት። ተኛች።
ግራ ገባው። ሳይገባው ሦስተኛ መስመር ጨመረ፣
አንድ።
ተነሣች። እሱም ሄደ።
ትዕግሥት አጥቶ አልነበረም፤
ትዕግሥቱን ያስቀመጠው ያለ ቦታው ነው።
ነቅታ ሳለች ሲጠብቃት፣
ተኝታ ሳለች የዓይን ጥቅሻ ታህል ጊዜ ነፈጋት።
ጠረጴዛው ላይ፣ መብራት በማይቆራረጥበት ቢሮ፣
ይህ ማንንም አልጎዳ።

እኔስ? ሁለት ክረምት «አትንኩት» የሚለውን
እንደ ግዝት ተሸክሜ።

መስመሮቹን ገለበጥኳቸው።
ዜሮ፤ አሥር ሚሊሰከንድ ያዝኩ።
አንድ፤ መቶ ሃምሳ ጠበቅኩ፣ ፊቷን እስክትታጠብ።
ከዚያ ብቻ አናገርኳት።
«አትንኩት» የሚለውን አጥፍቼ
በቦታው «ጉርሜሳ እንዳለው» ብዬ ጻፍኩ።
ጎረቤት ጄኔሬተር አስነሣ። ሌሊቱ ተጋመሰ።

ሐሙስ በስምንት ሰዓት መብራት ሄደ።
በሽተኞቹ አግዳሚው ላይ፣ ሲስተር እቴነሽ በሩ ላይ፣
እኔ ሳጥኗ ሥር፣ እንደ ተከሳሽ።
በዘጠኝ ተኩል መጣ።
ፍሪጁ አጓራ። ማራገቢያው ተንቀጠቀጠ።
የጉርሜሳ እጅ ከኮሌታው ደረሰ።
ጨለማ። ጨለማ። እስትንፋሴን ያዝኩ፣
ሳጥኗ ከኔ ጋር የምትቆጥር ይመስል።
አረንጓዴ።

«ነቃች?»
«ነቃች።»

እጁ ኮሌታው ላይ ትንሽ ቆየ።
መርፌውን አውጥቶ በብርሃኑ አየው፣
የአንድ ጣቱን አቧራ ጠረገበት፣
መልሶ ሰካው።
«ይኑር» አለ። «ጆንያም አለ።»